ግማሽ የወረደ በር

ግድግዳው ቺፑድ ስለሆነ ምስራ የሰማችውን ለመስማት ጆሮዋን ማቅናት አላስፈለጋትም። ሱብሒ ሰግዳ መስገጃዋን ሳታጥፍ ከወዲያኛው ግቢ የአንዲት አከራይ ድምፅ መጣ። «ሦስት ቀን ሙሉ ታማ ስትተኛ ማን አወቀ? እኔ ራሴ ኪራይ ልጠይቅ ሳንኳኳ አይደል ያገኘኋት። ውኃ የሚያቀብላት እንኳ የለ። አሁን ደግሞ እዚሁ ትሙትብኝ? ትንሽ ሲሻላት ትልቀቅልኝ ብያለሁ።» ሌላ ሴት በለሆሳስ አንድ ነገር ጠየቀች። «እኔ ምን አውቄ፣ ከወሎ ነው መሰለኝ የመጣችው፤ ብቻ ከክፍለ ሀገር ናት» አለች አከራይዋ። ከዚያ ጀሪካን ሲሚንቶው ላይ ሲጎተት ተሰማና ወሬው በዚያው ተቋረጠ።

ምስራ መስገጃውን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቆመች። ከበላይዋ፣ በጣውላ በተሠራው ቆጥ ላይ፣ ልጇ ኢማን ተኝታለች፤ አንድ እግሯ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ በቆጡ ጠርዝ ተንጠልጥሏል። ምስራ ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ስትነሳ ያልፈራችው ነገር ያለ አልመሰላትም ነበር። የመኪና መገልበጥ፣ የኤሌክትሪክ እሳት፣ ስልክ ነጣቂ፣ ምላሱ ማር የሆነ ጎረምሳ፣ የተበላሸ ሥጋ፣ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አስባ፣ ለአንዳንዱም መድኃኒቱን በቦርሳዋ ይዛ ነው የመጣችው። ታሞ ተኝቶ ማንም አለማወቁን ግን አላሰበችውም። ይህን የሚያህል ነገር እንዴት እንዳመለጣት ራሷን ታዘበች። እጇን ሰድዳ የልጇን እግር በብርድ ልብሱ ሸፈነችው።

ኢማን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት እንደ አብዛኞቹ ጓደኞቿ ሳይመጣላት ቀርቶ፣ ዓመት ያህል እናቷ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ እሷ ቁልፍ ስትተክል ከርማ ነበር። የኢድ ገበያ ሲሞቅ፣ መርካቶ ሻርፕና ሂጃብ የሚሸጠው አጎቷ ነስረዲን «ለጥቂት ቀን ታግዘኝ» ብሎ አስመጣት። ኢድ አለፈ፤ ልጅቷ ግን ዛሬ ነገ እያለች ቀረች። አሁን ነስረዲን ለሱቁ ቋሚ ሰው ይፈልጋል። ኢማን ብትሆንለት ደስታው ነው፤ ካልሆነች የሚስቱ የካሚላ የአክስት ልጅ ትመጣለች፤ መልሱን ዛሬ ማታ ይጠብቃል። ኢማን «እማዬ እሺ ካለች» ብላለች። ምስራም «እስቲ ቦታውን በዓይኔ ልየው» ብላ ትናንት መጣች። እውነቱን ለመናገር ልታይ አልነበረም የመጣችው። ገና ከቤቷ ሳትነሳ፣ ከሐይቅ አዲስ አበባ የሚመላለስ አውቶቡስ ሹፌር ሚስት የሆነችውን ጎረቤቷን ሠርኬን ለምና፣ ለነገ ንጋት መመለሻ ሁለት ወንበር አስይዛለች። ሁለተኛው ወንበር የማን እንደሆነ ለወንድሟም ለልጇም ትንፍሽ አላለችም።

ቁርስ ላይ አራቱም አንድ ሳህን ፉል ከበው ተቀመጡ። የነስረዲንና የካሚላ ክፍል አንዱ ቁጭ ካለ ሌላው የሚያልፍበት አይደለም፤ ቁም ሳጥን፣ ፍሪጅ፣ ወደ ቆጡ የሚያወጣ መሰላል፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ የሻርፕ ካርቶን። ካሚላ ዳቦ ቆርሳ ለምስራ አስቀደመች፤ ዳቦውም ሰሞኑን ስንት እንደገባ ተናገረች። ነስረዲን የሽንኩርቱን ጨመረ። ምስራ ሐይቅ ላይ ዓሣ እንኳ ከዳር ላለ ሰው የማይቀመስ እንደሆነ ነገረቻቸው። ስለ ዋጋ ማውራት ደግ ነው፤ ሁሉም ይስማማበታል። ስለ ኢማን የሚያነሳ ግን ጠፋ። ነስረዲን እህቱን በልጅነቱ እንደሚፈራት ዛሬም ይፈራታል፤ ጉሮሮውን ጠርጎ «እታለም…» ይልና ሁሉም ዝም ሲሉ «ቃሪያ ጨምሪበት እንጂ» ብሎ ይተወዋል። ኢማን ዓይኗን ከሳህኑ አላነሳችም።

«ያቺ ከወዲያ የታመመችው ልጅ ማን ናት?» አለች ምስራ።

«የትኛዋ?» አለች ካሚላ።

«ከግድግዳው ማዶ ያለችው። አከራይዋ ስታወራ ሰማሁ።»

ካሚላ ትንሽ አሰበች። «አዲስ ናት መሰለኝ፣ እትዬ ምስራ። ጧት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። ፊቷን በቅጡ አላየሁትም፣ ወላሂ።»

ያለችው ያለ ክፋት ነው። ምስራን የባሰ ያስደነገጣትም ይኸው ነበር። ካሚላ ደግ ሴት ናት፤ ደጓ ሴት ይህን ካለች ሌላው ምን ሊል ነው?

ሰባተኛ ከሚባለው ሰፈር ወደ ሱቁ እናትና ልጅ በእግር ወረዱ። መንገዱ ገና በጧቱ ታጭቋል። ምስራ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ሆዷ ላይ አጣብቃ፣ ከፊት የሚመጣው ሁሉ እሷን ብሎ የመጣ ሌባ እየመሰላት ትራመዳለች። ከኋላ «ዞር በሉ፣ ዞር በሉ» የሚል ድምፅ ሲመጣ ኢማን የእናቷን እጅ አንጓው ላይ ያዘችና ወደ ጥግ ሳበቻት። ተሸካሚው የራሱን እጥፍ የሚያህል ቦንዳ ጀርባው ላይ ጭኖ አለፈ። ኢማን ግን እጇን አልለቀቀችም፤ ወደ ፊት እያየች፣ በሰው መሐል መንገድ እየፈለገች፣ እየጎተተቻት ሄደች። ልጅቷ ለወገቧ ሳትደርስ፣ ሐይቅ ገበያ መሐል፣ እንዲህ የምትይዛት ምስራ ነበረች። ልክ እንዲህ ጥብቅ አድርጋ። «ቀስ በይ፣ ጫማሽ ይፈታል» ለማለት አስባ ሳትለው ቀረች።

ሱቁ ከሶማሌ ተራ ጀርባ፣ ሁለት የሱቅ መደዳዎች ፊት ለፊት በሚተያዩበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ከነስረዲን ቀጥሎ የሕፃናት ልብስ የምትሸጠው ሀፍሷ አለች፤ ድምፅዋም ሳቋም ከመተላለፊያው ወዲያ ይሰማል። ከእሷ ቀጥሎ ብርድ ልብስና አንሶላ የሚያከፋፍሉት ሐጂ ባህረዲን ናቸው። ሐጂ ልባቸውን ያማቸዋል፤ ሥራውን ለልጃቸው ለሙናዊር ትተው፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው በራፍ ላይ ይቀመጣሉ። ከሐጂ ቀጥሎ ያለው ምንጣፍ ሻጩ ጀማለዲን በራፍ ላይ በሚቀመጥ ዕቃ ምክንያት ከሐጂ ጋር ተኳርፎ ዓመት አልፎታል፤ አንዱ ሌላውን እንዳላየ ነው የሚያልፈው። ይህን ሁሉ ለምስራ የነገረቻት ሀፍሷ ናት፤ ሻይ አስመጥታላት፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ።

ምስራ ሱቁ ውስጥ ቦንዳ ላይ ተቀምጣ ልጇን ስታይ ዋለች። ኢማን እቤት ቁልፍ ስትተክል የነበረችው ልጅ አልመስል አለቻት። አንዲት ገዢ ሻርፕ አንስታ ዋጋ ጠየቀች።

«አራት መቶ ሃምሳ» አለች ኢማን።

«ሦስት መቶ።»

«በሦስት መቶ ካገኘሽ ለእኔም ያዢልኝ።»

«ኧረ ይቺ ልጅ ምላስ አወጣች» አለች ሀፍሷ ከበራፏ፤ ገዢዋም ሳቀች፤ አራት መቶ ከፍላ ወሰደች። ምስራ ግን ከሻርፖቹ በላይ በጣሪያው የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ሽቦ እያየች ነበር። ሽቦው ሽቦ ላይ ተጠምጥሟል፤ ከሥሩ በሙሉ ጨርቅ ነው። ወጥታ መተላለፊያውን እስከ መጨረሻው ሄዳ አየችና ወደ ሐጂ ተመለሰች።

«ሐጂ፣ እሳት ቢነሳ መውጫው በየት ነው?»

«በገባሽበት ነዋ፣ ልጄ» አሉ ሐጂ። «አርባ ዓመት ስገባ ስወጣ ሌላ በር አላየሁም።»

«ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢሮጥስ?»

ሐጂ ከዘራቸውን እያገላበጡ አሰቡበት። «እንግዲህ እኔን ቀድማችሁ ትሄዳላችሁ» አሉ በመጨረሻ።

ወደ እኩለ ቀን ባሏ ሐምዱ ደወለ። ሐምዱ በስልክ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም፤ «አንቺ ያየሽው ይሻላል» ብሎ ነገሩን ሁሉ ለእሷ ትቶላታል። ደህና መሆኗን ጠየቀ፤ ደህና ነኝ አለች። ልጅቷንም ጠየቀ፤ ደህና ናት አለች። ከዚያ ለመዝጋት የቸኮለ አልነበረም። ከወዲያ ዶሮ ሲጮህ ተሰማት፤ የራሷ ዶሮ ይሆናል።

«ቤቱ ዝም አለ» አላት።

«በሩን ማታ ማታ በደንብ ዝጋ» አለችው።

ጁምዓ ሲደርስ መደዳው ይራቆታል። ወንዶቹ መስገጃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ አንዋር መስጂድ ይጎርፋሉ፤ ሱቅ ግን አይዘጋም። ዕቃው እንደተሰቀለ፣ በሩ እንደተከፈተ ይተዋል፤ የሚጠብቀው የቀሩት ሴቶች ዓይን ነው። ማንም ለማንም አደራ አይልም። ሐጂ ቀስ ብለው ስለሚራመዱ ከሁሉ ቀድመው ወጡ፤ የሚመለሱትም ከሁሉ ኋላ ነው። ከኢድ ወዲህ መደዳውን የሚጠብቁት ሀፍሷና ኢማን ናቸው። ዛሬ ግን ሀፍሷ ልትሰግድ ወደ ፎቁ ወጣች፤ ወዲያው ደግሞ ከጅማ የመጣች አከፋፋይ አባያ በብዛት ፈለገች፤ አባያው ያለው ሌላ ሕንፃ ላይ ባለው መጋዘን ነው።

«እማዬ፣ መጣሁ» አለች ኢማን ቁልፉን ይዛ። «ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ሰው ከጠየቀሽ ከሶላት ሲመለሱ በይው።»

ምስራ ብቻዋን ቀረች። መተላለፊያው ጭር ሲል እሷ ላይ የሰፋ መሰላት። ይሄ ሁሉ ሱቅ፣ ይሄ ሁሉ ብርድ ልብስ፣ ይሄ ሁሉ ምንጣፍ እንደተከፈተ፣ ጠባቂዋም አንዲት የሐይቅ ሴት። መጀመሪያ የነስረዲንን ሱቅ ታየው ነበር፤ ከዚያ የሀፍሷን ካላየች ቅር አላት፤ የሀፍሷን ስታይ የሐጂ ከኋላዋ ቀረ። ከመተላለፊያው ጫፍ ላይ ሁለት ጎረምሶች መጥተው ቆሙ። አንደኛው ባዶ ጆንያ ብብቱ ሥር ይዟል። ምን ሊጨምርበት ነው? ስልካቸውን ያያሉ፣ ቀና ብለው ወደ ውስጥ ያያሉ፣ መልሰው ስልካቸውን ያያሉ። ነገ «አንድ ቀን ብትጠብቅ ሱቃችንን አዘረፈችው» ሲሏት፣ ኢማንን ሲጠይቋት፣ ነስረዲን አንገቱን ሲደፋ ሁሉ ታያት።

ተጠቅላዮቹን የብረት በሮች ለማውረጃ የሚሆነው ባለ መንጠቆ ዘንግ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። አነሳችው። የነስረዲንን በር መንጠቆውን አስገብታ ስትጎትተው ወገብ ድረስ መጥቶ ቆመ፤ በራፉ ላይ የተደረደረው ዕቃ አላስወርድ አለው። ዕቃውን ለማስገባት ጊዜ የለም። ይሁን፣ ግማሽም ቢሆን ሌባ ጎንበስ ብሎ ለመግባት ይቸገራል፣ ጎንበስ ሲል ደግሞ እጮሃለሁ ብላ ተወችው። የሀፍሷንም እስከ ወገቡ አወረደች። የሐጂንም። የጀማለዲንንም። እስከ መደዳው መጨረሻ ድረስ እንዲሁ እያደረገች ሄደችና፣ ተመልሳ የነስረዲን በራፍ ላይ መሬት ተቀመጠች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ተሸፋፈነች፤ ፊቷን አይተው ለአገሩ እንግዳ መሆኗን እንዳያውቁ።

ጎረምሶቹ የሆነውን አይተው ተያዩና ወዲያው ሄዱ። ምስራ «አየሽ» አለች ለራሷ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ተሸካሚ መጣ፤ በሮቹን አየ፣ እሷን አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ፤ ራሱን እየነቀነቀ በጥድፊያ አለፈ። ይሄ ደግሞ ግብረ አበሮቹን ሊጠራ ይሆናል ብላ አሰበች። ጥቂት ቆይቶ ከፊት ለፊት መደዳ አንዲት ሴት ብቅ ብላ ደረቷን ያዘች፤ የራሷንም በር ግማሽ ድረስ አወረደች። ከጎኗ ያለችውም አወረደች። ብረቱ አንዱ ከሌላው እየተከተለ ሲንቋቋ ምስራ እፎይ አለች። እነሱም አይተዋቸዋል ማለት ነው። እነሱም ፈርተዋል።

የማታውቀው ነገር ቢኖር፣ በእነዚህ ሁለት መደዳዎች በር ግማሽ የሚወርደው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ከመደዳው ሰው ሲሞት፣ ከቀብር እስኪመለስ ድረስ፣ ሁሉም በሩን ወገብ ድረስ አውርዶ ይሄዳል።

ከጁምዓ መጀመሪያ የተመለሰው ሙናዊር ነበር። ከጓደኞቹ ጋር እየሳቀ መተላለፊያውን ገባና ቆመ። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ከኋላው የመጡትም ቆሙ። «ኢና ሊላሂ» አለ አንዱ። ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ እያንዳንዱ ዙሪያውን እያየ የጎደለውን ሰው ይፈልጋል። ነስረዲን አለ። ጀማለዲን አለ። የፊት ለፊቶቹም አሉ።

«አባቴስ?» አለ ሙናዊር።

ከፊት ለፊት ያለችው ሴት አፏን በሻርፗ ሸፈነች። ሐጂ ትናንት ደረታቸውን እንዳማቸው ሁሉም ሰምቷል። ሙናዊር፣ ያ ትልቅ ሰውዬ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ሁለት ሰዎች ብብቱን ያዙት። ጀማለዲን ወደ ግድግዳው ዞሮ ግንባሩን ብረቱ ላይ አሳረፈ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ምስራም «ሐጂ» የሚለውን ስም ስትሰማ ዕንባዋ መጣ። ጧት በገባሽበት ነዋ ያሏት ሰውዬ፤ እኔን ቀድማችሁ ትሄዳላችሁ ያሏት። አሁንም በሮቹን ከለቅሶው ጋር አላገናኘቻቸውም ነበር።

በዚህ መሐል ከመተላለፊያው ጫፍ ኢማን መጣች። እየሮጠች አልነበረም፤ መሮጥ አቅቷት ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈዋት ነው። አንዷ የኢማንን አንድ እግር ጫማ በእጇ ይዛለች። «ከእናንተ መደዳ ሰው ሞቷል» ሲባል መጋዘን በራፍ ላይ ነው የሰማችው። ወንዶቹ ሁሉ መስጂድ ናቸው፤ ሀፍሷ ፎቅ ላይ ናት። መደዳው ላይ የቀረ ሰው ማን እንደሆነ ከኢማን በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሰዉን በክንዷ እየገፋች አልፋ እናቷን መሬት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘቻት። ተንበርክካ ፊቷን ዳሰሰች፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ የነጠላዋን ጠርዝ፤ ከዚያ ራሷን ጭኗ ላይ ጥላ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ሴቶቹ አልሄዱም። ምስራ የማታውቃቸው፣ ስማቸውን እንኳ ያልሰማቻቸው ሴቶች፣ አንዷ የልጇን ጀርባ እያሻሸች «አብሽሪ፣ አብሽሪ ኢማኔ፣ ይኸው እናትሽ» ትላለች።

ሐጂ ባህረዲን መስገጃቸው ትከሻቸው ላይ፣ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በአንድ እጃቸው በፌስታል ሙዝ ይዘው ቀስ እያሉ መተላለፊያውን ገቡ። በሮቹን አይተው ቆሙ። የተሰበሰበውን ሰው አዩ። ሙዙን እንደያዙ እጃቸውን ዘረጉ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። «ማን ነው የሞተው?»

መጀመሪያ ድምፁን ያገኘው ጀማለዲን ነው፤ ሐጂን ካናገረ ዓመት አልፎታል።

«እርስዎ ነዎት» አላቸው።

ሐጂ ደረታቸውን ዳሰሱ። «ማን ነገራችሁ?»

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ በሮቹ አየ፤ ከበሮቹ ወደ ምስራ፤ ከምስራ አጠገብ ወደ ወደቀው ዘንግ። ምስራ ነገሩ ቀስ ብሎ ገባት፤ ሲገባትም መሬት ብትከፈት ደስታዋ ነበር። የኢማንን ራስ ከጭኗ አንስታ ቆመች።

«እኔ ነኝ ያወረድኩት» አለች። «ሌባ ፈርቼ። ጎንበስ ብሎ መግባት ይከብደዋል ብዬ።»

ከፎቁ ስትወርድ ደረጃው ላይ የቆመችው ሀፍሷ ነች መጀመሪያ የፈነዳችው። ሳቋ መተላለፊያውን ሞላው፤ ከዚያ የፊት ለፊቷ ሴት ዕንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉም። ሙናዊር ብቻ አልሳቀም፤ ተነስቶ የአባቱን እጅ ይዞ አልለቅ አለ። ሐጂ ራሳቸው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። «ልብዎን፣ ልብዎን» ሲሏቸው «ተዉኝ፣ እኔ እንደሆን አንዴ ሞቻለሁ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ወደ ጎን ዞሩ።

«ዓይንህን ምን ነካው?» አሉት ጀማለዲንን።

«የምንጣፍ አቧራ ነው።»

«ዓመት ሙሉ የት ነበር ይሄ አቧራ?»

ጀማለዲን ዘንጉን አንስቶ የሐጂን በር ወደ ላይ ገፋላቸው፤ ከዚያ የራሱን።

ከሰዓት በኋላ ምስራ ብትሞት በወደደች። የሚያልፍ ሁሉ ብቅ እያለ «ሐጂን የገደሏቸው እኚህ ናቸው?» ይላል። ሀፍሷ ለእያንዳንዱ አዲስ ሰው ታሪኩን ከመጀመሪያው ትነግራለች፤ በየጊዜውም ሌቦቹ ይበዛሉ። ሐጂ አስጠርተዋት ሄደች። ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ፌስታሉን ዘረጉላት።

«ያለቀስሽበት ነው፣ ውሰጂ» አሉ። «ሰው ማን እንደሚያለቅስለት ሳያይ ነው የሚሄደው። እኔ አየሁ።» ቀጥለውም ቀና ብለው «ልጅሽን ነገ ልትወስጃት ነው» አሏት።

«ማን አለ?»

«ማንም አላለም። ከጧት ጀምሮ ቦርሳሽን አንዴም አላስቀመጥሽውም።»

ምስራ ወደ እጇ አየች። ቦርሳው እንደ ጧቱ ሆዷ ላይ ተጣብቋል።

ተመልሳ ስትመጣ ኢማን የተበታተኑ ሻርፖችን ታጥፋለች። የሚገዛ የለም፤ ነስረዲን አሱር ሊሰግድ ሄዷል። ምስራ ቦርሳዋን ቦንዳው ላይ አስቀምጣ ከጎኗ ቆመችና ማጠፍ ጀመረች።

«በጣም ደነገጥሽ?»

«የሞትሽ መሰለኝ።» ኢማን ሻርፑን ደግማ ዘርግታ ደግማ አጠፈችው። «ስሮጥ ምን አሰብኩ መሰለሽ? ለአባዬ ምን እላለሁ አልኩ። ከዚያ ደግሞ ጧት አብረን ስንመጣ በቅጡ ሳላወራሽ ቀረሁ አልኩ።»

«እኔ ስልክ ባላነሳሽልኝ ቁጥር እንዲህ ነው የምሆነው» አለች ምስራ። ለመውቀስ አልነበረም ያለችው፤ ስለወጣላት ነው።

ኢማን ዞራ አየቻት። «በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ታዲያ እንዴት ትችይዋለሽ?»

ምስራ ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር። አሰበችበት። «አልችለውም» አለች። «ግን ይመሻል።»

ጥቂት ሻርፖች አጠፉ። ከዚያ ኢማን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሻንጣዬን ትናንት ማታ አሰናድቼዋለሁ» አለች። «ነይ ካልሽኝ ብዬ። ቅሪ ካልሽኝም ብዬ እንደገና ግማሹን አወጣሁት።» ምስራ ሁለተኛው ወንበር ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ፤ ዋጠችው። «ምን ትፈልጊያለሽ?» አለቻት በምትኩ። ኢማን መተላለፊያውን አየች፤ ሀፍሷን፣ የማታ ፀሐይ ያረፈበትን የሐጂን ባዶ በርጩማ። «እዚህ ስሜን ያውቁታል» አለች። «ሐይቅ የምስራ ልጅ ነኝ።» ያለችው ሳታኮርፍ ነው፤ ምስራም ሳታኮርፍ ሰማቻት፤ ቢሆንም የሆነ ቦታ ላይ ቆረጣት።

ሲመሽ ኢማን ዘንጉን ይዛ በሩን ማውረድ ጀመረች። ወገብ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ሻርፕ የተጠመጠመበት የማሳያ አሻንጉሊት በራፉ ላይ ተረስቷል። ከፊት ለፊት ያሉት አይተው መሳቅ ጀመሩ። ምስራ አሻንጉሊቱን አቅፋ ወደ ውስጥ አስገባችው።

«እስከ ታች አውርጂው» አለች። «ሰው አናስደንግጥ።»

ቤት ሲደርሱ ነስረዲን ጉሮሮውን ጠረገ፤ «እታለም…» አለና እንደ ጧቱ ቆመ። ምስራ «መጣሁ» ብላ የሐጂን ሙዝ ይዛ ወጣች። ኢማን የሻይ ፔርሙዝ ይዛ ተከተለቻት። ወዲያኛው ግቢ ለመግባት ዞሮ መሄድ ያስፈልጋል። አከራይዋ «ማንን ነው?» አለች፤ ምስራ ስሟን ስላላወቀችው «የታመመችውን» አለች። በሩ ላይ አንኳኩታ ጠበቀች። ቀስ ብሎ ተከፈተ። ልጅቷ ከኢማን ብዙም አትበልጥም፤ ፊቷ ገርጥቷል፤ በፒጃማዋ ላይ ሹራብ ደርባ የበሩን ጠርዝ ይዛ ቆማለች። ስሟ ፋና ነው። ከመርሳ ናት፤ ከሐይቅ ብዙ አይርቅም። የጫማ መሸጫ ውስጥ ትሠራለች፤ ታይፎይድ ነው ብለዋታል፤ መድኃኒቱን ጀምራለች። ምስራ ግንባሯን ዳሰሰች፤ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበች፤ ውኃው የፈላ መሆኑን ጠየቀች፤ አልፈላም። ቦርሳዋን ከፍታ ለማንም ሳይሆን ለመጥፎ ቀን ብላ ከሐይቅ የያዘችውን ሁሉ አንድ በአንድ አውጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ደረደረችው። ፋና አንዴ መድኃኒቱን አንዴ ምስራን አየች።

«ጉንፋን ነው የመሰለኝ፣ እትዬ። ሰው ማስቸገር ፈርቼ ነው።»

«ከነገ ጀምሮ ጧት ጧት ልጄ ታንኳኳለች» አለች ምስራ። «ማታም። ካልከፈትሽላት ትደውልልኛለች፤ ከደወለችልኝ ደግሞ ከሐይቅ እመጣለሁ። እኔ ስመጣ ምን እንደማደርግ መርካቶን ጠይቂ።»

ኢማን ፔርሙዙን እንደያዘች ቀረች። ሻይ ልትቀዳ የከፈተችው ክዳን እጇ ላይ ነው፤ እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ይወጣል። እናቷ ወደ እሷ አልዞረችም፤ ሙዝ ትልጣለች።

ሲመለሱ ምስራ ነስረዲን በራፍ ላይ ቆሞ ሳለ ስልኳን አወጣች። «ሠርኬ? አንዱን ወንበር ልቀቂው። አዎ፣ አንድ ብቻ ነኝ።» ነስረዲን ሰማ፤ ኢማንም ሰማች። ካሚላ እራት አቀረበች፤ ከሳህኑ ላይ የሽንኩርት ዋጋ ዳግመኛ ተነሳ፤ ነስረዲንም ቃሪያ ጨምሪበት አላት።

ኢሻ ተሰግዶ መብራት ሲጠፋ ምስራ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብላ ሽቦውን አሰበች፤ ታይፎይዱን አሰበች፤ ይተላለፍ ይሆን እንዴ ብላ አሰበች። ነገ ንጋት ላይ አጠገቧ የማታውቀው ሰው እንደሚቀመጥ አሰበች። ሐምዱን፣ ዝም ያለውን ቤት አሰበች። ከበላይዋ ቆጡ ሲጥ አለ። ኢማን ተገላብጣ እጇን ወደ ቺፑዱ ሰደደች፤ በጣቷ ሁለቴ አንኳኳች፤ ቀስ አድርጋ።

ከወዲያ በኩል ምንም አልተሰማም። ምስራ ጆሮዋን አቀናች። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ከግድግዳው ማዶ ሁለቴ ተንኳኳ።